ከወገብ እስከ መሬት

ስቀመጥ ከሰው እኩል ነኝ፤ ጉዱ የሚታየው ስነሳ ነው። እድገቴ ሁሉ እግሬ ላይ ነው ያለቀው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ጌሪ ይሉኝ ነበር፤ በሶማሊኛ ቀጭኔ ማለት ነው። እናቴ ቀሚስ ልታሰፋልኝ በሄደች ቁጥር ልብስ ሰፊዋን "የዚችን ልጅ እግር የሚጨርሰው አላህ ነው፣ አንቺ ብቻ ጨርቁን ጨምሪበት" ትላታለች፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጅጅጋ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ አደግኩ፣ ስለ አካሌ ሰው ፊት ሲወራ መሸማቀቅንም እዚሁ ተማርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኋላ ጥፋቴ ሁሉ የሚነሳው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሸደር ባለው የስደተኞች መጠለያ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ እንደ እኔው እግሯ የተመዘዘ፣ ከወገቧ በላይ ግን አጠር ያለች። ከአገሯ ያመጣችው ኮርስ ብስክሌት ነበራት፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ የውድድር ብስክሌት። ልጅ ሳለሁ በኪራይ ብስክሌት ለምጄ ስለነበር በዕረፍት ቀን እየለመንኳት እነዳው ጀመር። ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ከእኔ ሌላ ለማንም ልክ እንደማይሆን ነግራኝ ትታልኝ ሄደች።

እስከዚያ ድረስ ለእኔ ልክ የሆነ ዕቃ አላውቅም ነበር። የሚኒባስ ወንበር፣ የቢሮ ጠረጴዛ፣ አልጋው፣ ሁሉም ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ያ ብስክሌት ግን ለሴት ተብሎ ስለተሠራ ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት አጭር ነበር። እግሬ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፣ እጄ መሪው ላይ ራሱ ያርፋል፣ አንገቴ አይጎብጥም። ሲነዱት ምንም አይሰማም፤ ልክ የሆነ ነገር ምልክቱ ይኸው ነው።

ከሸደር ወደ ጅጅጋ ተመልሼ ሌላ ቢሮ ስገባ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እየወጣሁ ወደ ካራማራ አቀበት እነዳ ነበር። ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ሸሚዝ፣ ሻሼን ነፋስ እንዳይወስደው ጠበቅ አድርጌ። ባጃጅ ነጂዎቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቀጥለው ለመዱኝ፣ በመጨረሻ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። አንድ ጠዋት አንድ የስፖርት አሠልጣኝ አቀበቱ ላይ አይቶኝ መኪናውን አቆመ። ክልሉን ወክለው የሚወዳደሩ ሴቶች አንድ ቀን መመረጣቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ እንዳትቀሪ አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

በ2010 ክረምት ከተማው ውስጥ ሁከት ተነሳ። ሱቃችን ተዘረፈ፣ ከዚያም ተቃጠለ። ብስክሌቴ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። እኛን ያተረፉን ጎረቤታችን ናቸው፤ በደወሌ በኩል ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጡ ሶማሌ ነጋዴ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው። አዴር እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸውም መልሰው አዴር ይሉኛል፤ የሶማሌ አጎት የወንድሙን ልጅ የሚጠራው በዚያው በራሱ መጠሪያ ነው። ቤታቸው አስገብተውን፣ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ከደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ማንም አላለፋቸውም።

ስንወጣ እናቴ በተቃጠለው ሱቅ ፊት ቆማ አለቀሰች። እኔ ስለ ብስክሌት ማልቀስ አሳፈረኝ፤ ሰው ነፍሱን ይዞ በወጣበት ቀን ማን ስለ ብስክሌት ያለቅሳል? ለብቻዬ የሆንኩ ቀን ግን እንደ ሰው ነው ያለቀስኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት የፍለጋ ናቸው። በእኛ ገበያ ብስክሌት የሚታወቀው በጎማው ቁጥር ነው። ትልቅ ፍሬም አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ሃያ ስምንት ቁጥር ጎማ ያለው ያወጣልኛል። ጎማው ላይ አልቀመጥም ስለው ይስቃል፤ ለሴት ልጅ ይህ ምን አነሰሽ ይለኛል። ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ የሞከርኩት አንዱ ፍሬም አጭር ሆኖ ጉልበቴ መሪውን ይመታ ነበር። ሌላው ለእግሬ ደርሶ መሪው ከእጄ ራቀ። እግረ ረጅም የሆነ ሁሉ እጁም ደረቱም ረጅም ነው ብለው ነው የሚሠሩት፤ እንደ እኔ ያለችውን ማንም አላሰባትም። ከዚያ ደግሞ ኮሮና መጣና ድንበሩ ሁሉ ተዘጋ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያማክረኝ አንድ ሰው ነበር፣ ከድሬዳዋ የመጣ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ፤ መንገድ ዳር ጎማ እየለጠፈ የሚኖር፣ አፉ የማያርፍ። ስለ ፍሬም ልክ የነገረኝ እሱ ነው። ባዶ እግርሽን ቆመሽ፣ ከመሬት እስከ ጭንሽ መጋጠሚያ ድረስ በክር ለኪ፤ ከኮርቻ ወደ መሪ የሚሄደው መካከለኛው ብረት ከክሩ ጫፍ ሦስት ጣት ዝቅ ይበል አለኝ። ያን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከያዘው የጎማ ካላማዳሪ አላነሳም። ያ አፈኛ ሰውዬ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መንገዱ ሲከፈት አዴር ወደ ጅቡቲ ሊሄዱ ተነሱ። በእኛ ሰፈር ሰው ወደዚያ ሲሄድ ክር መላክ ልማድ ነው። የልጅ ጫማ፣ የመስኮት መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ሁሉም በክር ተለክቶ፣ ጫፉ ተቋጥሮ ይላካል። እናቴ ስለ ብስክሌቱ ነግራቸው ኖሮ ክርሽን አምጪ ብለው አስጠሩኝ። እኔም በሬን ዘግቼ፣ ጠጋኙ እንዳለው ለክቼ፣ ቋጥሬ ሄድኩ።

ሱቃቸው በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ክሩን ተቀብለው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ዘረጉትና ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ክሩን ያያል። ከመሬት ብዬ ጀመርኩና ሌላኛው ጫፍ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። እኚህ ሽማግሌ ጅቡቲ ገበያ መሀል ቆመው ያንን ክር ለሻጭ ሲያሳዩ፣ ሻጩም ሲጠይቅ፣ እሳቸውም ሲያስረዱ ታየኝ። ተሳስቻለሁ፣ ሌላውን ነው የማመጣው ብዬ ክሩን ነጥቄ ወጣሁ ማለት ይቀላል። ቤት ገብቼ እንደ ልብስ ሰፊ ከወገቤ እስከ መሬት ለካሁና ያንን ሰጠኋቸው። ከወገብ እስከ መሬት ነው፣ መካከለኛው ብረት ከጫፉ ሦስት ጣት ዝቅ ይበል አልኳቸው። ይህ በማንም ሰው ፊት የሚነገር ልክ ነው።

ሁለቱ ክሮች በአንድ ስንዝር ይበላለጡ ነበር። አላወቅኩም አልልም፤ አውቄያለሁ። ቢተልቅ ኮርቻውን ዝቅ አደርገዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ብስክሌቱ በአይሱዙ ጭነት ላይ ታስሮ የመጣ ቀን ሰፈሩ ወጣ። አዴር ራሳቸው ገመዱን ፈቱት። ሰማያዊ ነበር፣ ቆንጆ ነበር፣ እንዲህ ያለ ብስክሌት ጅጅጋ ላይ አይቼ አላውቅም። ትርፍ እንደማይፈልጉ ለእናቴ ነገሯት፤ የክሩን ጫፍ የሚደርስ ብረት በገበያው ስላጡ ከሁሉ ትልቁን እንደመረጡም በኩራት አወሩ። እንድወጣበት ጋበዙኝ። ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። ኮርቻው እስከ ታች ወርዶም ከመሬት የደረሰው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። መሪውን ለመያዝ ደረቴ ብረቱ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው።

አዴር እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ ሳያነሱ ጠየቁኝ።

"አዴር፣ ልክሽ ነው?"

ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡበት ቀን መጣብኝ። ለእኔ ሕይወቴን የሰጠ ሰው፣ በጭነት መኪና በበረሃ ያመጣልኝን ዕቃ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንዴት ብዬ አይሆንም እለዋለሁ?

"ልክ ነው አዴር። የእኔው ነው።"

አልሐምዱሊላህ አሉ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። እናቴ እንባዋን ጠረገች። በዚያች አንድ ቃል ራሴን አሰርኩ።

ጠጋኙ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሥራውን አቆመ። ይህ ፍሬም ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ይቀመጥ፣ አንዱ መሪውን ይያዝ ብሎ ሳቀብኝ። የሆነውን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። ሂጂና ንገሪያቸው፣ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አለኝ። ለማንም እንዳይተነፍስ በአላህ ስም ለመንኩት። የመሪውን አንገት አጠር ባለ ቀየረልኝ፣ ኮርቻውን ወደፊት ገፋልኝ። ቤት በዓምዱ ሲጣመም በር ቢያቃኑት ምን ይጠቅማል?

ሱቃቸው የማልፍበት መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት መስበሃቸውን፣ መቁጠሪያውን፣ ይዘው ደጅ ይቀመጡና ሳልፍ እጃቸውን ያነሳሉ። በሌላ መንገድ ብሄድ ያውቁብኛል፤ ብቀር ደግሞ እናቴን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በየቀኑ ወጣሁ። ወገቤ ተቃጠለ፣ አንገቴ ደነዘዘ። ክብደቴ ሁሉ መዳፌ ላይ ስለሚያርፍ ከሁሉ የባሰው እጄ ነበር። ከካራማራ ስወርድ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይሞታሉ። መጀመሪያ ቤት ስደርስ ይመለሱ ነበር። በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ይቆዩ ጀመር።

በ2014 ያ የተባለው ምርጫ መጣ። ስምንት ሴቶች ነበርን። ብዙዎቹ ከእኔ ያነሱ፣ አንዳንዶቹም በተውሶ ብስክሌት የቀረቡ። አቀበቱን ሁሉንም ቀደምኳቸው፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ደረቴ ይሞቃል። ጫፍ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ፍሬኑን ልይዝ ብል ጣቶቼ አልታዘዙኝም። መሪው ሩቅ ነው፣ ፍሬኑ ከዚያም ሩቅ ነው፣ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነ። ከፊቴ መታጠፊያውንና የጭነት መኪናዎቹን አየሁ። ፈራሁ። በእግሬ መሬቱን እየቧጨርኩ አቆምኩና ወረድኩ። አንድ በአንድ አለፉኝ። ብስክሌቱን እየገፋሁ የመጨረሻ ሆኜ ገባሁ።

አሠልጣኙ አቅም እንዳለኝ፣ ግን ብስክሌት መቆጣጠር እንደሚጎድለኝ ነገረኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን አዴር ከጎኑ ቆመው ነበር። ሊያዩኝ የታሸገ ውኃ ይዘው መጥተዋል። ቀደር ነው አሉኝ፣ አላህ ያልጻፈው አይሆንም፤ ብስክሌቱ እንደሆነ የትም አይሄድም፣ ለሌላ ጊዜ ተዘጋጂ። በሰጡኝ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ። እንባ እንደሆነ እንዳያውቁ።

ከዚያ በኋላም መንዳቴን አላቆምኩም። ተስፋ አልነበረኝም። ልምምድ ነው እያልኩ ለራሴ እዋሻለሁ እንጂ የምነዳው ለሱቁ ደጃፍ ነበር። ጎማው ሲያልቅ ጎማ ያስመጡልኛል። አንድ ሰሞን ብስክሌቱ ተበላሽቷል ብዬ ሳምንት ያህል ቤት ብቀመጥ ጠጋኙን በገዛ እግራቸው ሄደው ምን ጎደለ ብለው ጠየቁት። ደግነታቸው መተንፈሻ አሳጣኝ። እጠላቸዋለሁ ብዬ የደነገጥኩበት ቀን አለ፤ ያንን ቀን ጠዋት ሳልፍ ከወትሮው ይበልጥ ፈገግ አልኩላቸው።

ቢሮ ውስጥ ጣቶቼ ፊደል መሳት ጀመሩ። እቤት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ፣ ከዚያም ሌላ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የባሰበትን ግራ እጄን ወዲያ ወዲህ ካገላበጠ በኋላ በመዳፌ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ለዓመታት ሲጨፈለቅ ኖሯል አለኝ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ሥጋ አሳየኝ፤ ጎድጉዷል። የሄደው እንደማይመለስ፣ ቢያንስ የቀረው እንዳይሄድ ብስክሌቱን እንድተው መከረኝ። ለእናቴ ነርቭ ነው፣ የቢሮ ሥራ ያመጣው ነው አልኳት። እሷም ለአዴር የነገረቻቸው እንዲሁ ነው።

በ2017 ፍሬሙ ከኮርቻው በታች ባለው ብየዳ ላይ ተሰነጠቀ። ጠጋኙ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ እያስገባ ይህ ዓይነት ብረት ተበይዶ አይጸናም አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። በተሰበረ ዕቃ ማንም አይቀየምም፤ ነፃ ወጣሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ማታውኑ አዴር በእናቴ ስልክ አስጠሩኝ። በዚያ ሰሞን እግራቸው ታሞ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። ወሬው ደርሷቸዋል። አትዘኚ አሉኝ፣ ያንኑ ልክ ደግመን እናስመጣለን።

ያንኑ ልክ የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከበፊቱ ቀጥነዋል። ጎናቸው ተንበርክኬ እጃቸውን ሳምኩና ሳልቀመጥ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ተናገርኩ። ልክ አልነበረም አልኳቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልነበረም። ክሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ያፈርኩት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ቀና ማለት አቃተኝ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ያን ቀን ጣትሽ ብቻ መሬት ሲነካ አይቻለሁ። ግን አዴር፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የሴት ልጅ እግር አይቼ ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብዬ ሰው ፊት ልናገር? ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። ሻጩ ልክ ካልሆነ እስከ አንድ ወር እቀይርልሃለሁ ብሎኝ ነበር። ከጎኑ ለሴት የተሠራ፣ ከመሪው በኩል አጠር ያለ ቆሞ ነበር። ዓይኔ እሱ ላይ ነበር፣ ክሩን ሳየው ተውኩት። አንቺ ልክ ነው ስትይኝ እኔ አላውቅም፣ እሷ ታውቃለች አልኩ። ጠዋት ጠዋት ደጅ የምቀመጠው፣ አንድ ቀን ቆመሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ትናንት ማታ ያንኑ ልክ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።"

አራት ዓመት። አንድ ወር ውስጥ የሚያልቅ ነገር አራት ዓመት አስነዳኝ። እሳቸው እንድናገር እየጠበቁ፣ እኔ እንዳያዝኑ እየሳቅኩ፣ በየማለዳው እጅ ተነሣሥተን ስንተላለፍ ኖርን። ልጮህ ፈልጌ ነበር። ማን ላይ እንደምጮህ ግን አላወቅኩም።

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የራሳቸው ጥፋት አድርገው እንደወሰዱት ገባኝ። ያኛው ዓይነት አሁንም ደወሌ ላይ ሊገኝ እንደሚችል ነገሩኝ፤ እዚያ የሚያውቁት ደላላ አለ። "ላስፈልግልሽ? ይህን ካላደረግኩልሽ አይቀለኝም።"

ግራ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ ነበር። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ፤ ለዚህች እጅ የሚሆን ብስክሌት አልተሠራም። ይህን ብነግራቸው በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚሆኑትን አሰብኩ።

"ደስ ይለኛል፣ አዴር" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ስልካቸውን አንስተው ደወሌ ደወሉና በሶማሊኛ ለሴት የሚሆን፣ ከመሪው አጠር ያለ እያሉ ማስረዳት ጀመሩ። መሀል ላይ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ትክክለኛ ልኬ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከየት እስከ የት እንደተለካ ጭምር፣ ምንም ሳላፍር ነገርኳቸው።